ከድሮ ዘፈን ሳምፕል ለምትወስዱ፦ ፈቃዱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው

ይህን የምጽፈው ከድሮ ዘፈን ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆርጠው፣ ማለትም ሳምፕል ወስደው፣ በላዩ ላይ አዲስ ሥራ ለሚሠሩ አቀናባሪዎች፣ ድምፃውያንና የግጥምና ዜማ ደራሲዎች ነው። እኔ በሙያዬ አቀናባሪ ነኝ። ከአንዲት ድምፃዊትና ከአንድ ገጣሚ ጋር ሆነን ያወጣነው ዘፈን በአድማጭ ዘንድ ተወድዶ ሳለ በቅጂ መብት ጥያቄ ምክንያት ከየኢንተርኔት የሙዚቃ መደብሩ ተነሣ፣ ገቢው ታገደ፣ እኛም ለረጅም ጊዜ በደብዳቤና በድርድር ስንንገላታ ቆየን። ዛሬ ዘፈኑ ተመልሶ ወጥቷል፤ የእያንዳንዱ ባለመብት ድርሻም ታውቋል። በመካከሉ የተማርነውን ከሥራው በፊት አውቀነው ቢሆን ኖሮ ግን ጉዳዩ ያለ ጠበቃና ያለ ጭንቀት ያልቅ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ዘፈኑ የተወለደው ከአንድ የድሮ ሸክላ ላይ ከወሰድነው የኦርጋን ሐረግ ነው። አራት ሰከንድ ገደማ የሚሆን፣ ከኦርጋኑ ሥር ቤዝ ጊታር የሚሰማበት፣ በመጨረሻው ምት ላይ ደግሞ የከበሮ መቺው ዱላ የከበሮውን ጠርዝ ሲነካ የሚለይበት ቁራጭ ነበር። ቃናውን ሁለት ሴሚቶን ዝቅ አድርገን፣ ፍጥነቱን ቀንሰን በሉፕ፣ ማለትም እየደጋገምን፣ ስናዞረው ድምፃዊቷ ወዲያው ዜማ አወጣችለት፤ ገጣሚውም ከዜማዋ ተነሥቶ ግጥሙን ጻፈ። ያለ ፈቃድ ልናወጣው አላሰብንም። ሸክላውን ያወጣውን የሙዚቃ ኩባንያ አፈላልገን ጻፍንለት፤ እሱም መጠነኛ ክፍያ ተቀብሎ በጽሑፍ ፈቀደልን። ያንን ወረቀት በእጃችን ይዘን ነገሩ ሁሉ እንዳለቀ አመንን። ወረቀቱ ስለ ድምፅ ቅጂው ብቻ እንደሚናገር፣ ስለ ዜማው ግን አንድም ቃል እንደሌለው ያመለከተን ሰው አልነበረም፤ ዘፈኑን በየመደብሩ ያሰራጨልን አከፋፋይም አልጠየቀም።

ከሁሉ በፊት ልታውቁት የሚገባው ይህን ነው። አንድ የተቀዳ ዘፈን በሕግ ፊት ሁለት ንብረት ነው። የመጀመሪያው ድርሰቱ ነው፤ ማንም ቢዘፍነው፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢጫወቱት ያው ሆኖ የሚቀረው ዜማና ግጥም ማለት ነው። ሁለተኛው ሙያተኞች ማስተር የሚሉት ነው፤ እነዚያ ሙዚቀኞች በዚያ ቀን በዚያ ስቱዲዮ ተጫውተው የተቀዳው ድምፅ ራሱ። ድርሰቱ የደራሲዎቹ ነው፤ ደራሲዎቹም ብዙውን ጊዜ መብቱን እንዲያስተዳድርላቸው ለሙዚቃ አሳታሚ ይሰጡታል። ማስተሩ ደግሞ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸው የሙዚቃ ኩባንያ፣ ወይም በራሱ ወጪ የቀረጸው ድምፃዊ ንብረት ነው። ሁለቱ ባለቤቶች ጨርሶ ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ መብቶቹ በተለያየ ጊዜ ተሸጠው በተለያየ አገር ባሉ ድርጅቶች እጅ ሊገቡም ይችላሉ። ሳምፕል የወሰደ ሰው ሁለቱንም ነው የወሰደው። የአንዱ ፈቃድም ለሌላው አይሠራም።

ይህ ነገር በእኛ የተጀመረ እንዳልሆነ የተረዳሁት ኋላ ሳነብ ነው። ዘ ቨርቭ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» ውስጥ የሮሊንግ ስቶንስን ዘፈን ኦርኬስትራ ከተጫወተበት ቅጂ ሳምፕል ወስዶ ነበር። ለማስተሩ ከቀረጻው ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ ጠቡ የተነሣው የድርሰቱን መብት ከያዘው ወገን ጋር ነው። በመጨረሻ የአዲሱ ዘፈን የድርሰት ገቢ በሙሉ ወደዚያ ወገን ሄደ፤ የሮሊንግ ስቶንሶቹ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስም በደራሲነት ተመዘገቡ። ግጥሙን የጻፈው ሪቻርድ አሽክሮፍት መብቱን መልሶ ያገኘው ሁለቱ ደራሲዎች በፈቃዳቸው ሲለቁለት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከ22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቢስቲ ቦይስም እ.ኤ.አ. በ1992 ከጄምስ ኒውተን የፍሉት ሥራ ላይ ስድስት ሰከንድ ሲወስዱ ለማስተሩ ከፍለው ለድርሰቱ አልጠየቁም። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተወሰዱት ሦስት ኖታዎች ከድርሰቱ አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። ፍርዱ የተሰጠው ግን ዘፈኑ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሙግት የመሸከም አቅም ያለው ስንቱ ነው?

ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። ዘፈኑ በደንብ መደመጥ ሲጀምር መጀመሪያ የተጠበቁ ሥራዎችን በራሱ በሚለየው የዩቲዩብ የኮንቴንት አይዲ ሥርዓት በኩል በቪዲዮው ላይ የይገባኛል ጥያቄ ቀረበበት፤ የማስታወቂያውም ገቢ ወደ ጠያቂው መሄድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ጠበቃ ደብዳቤ ደረሰን። ዘፈኑ ከሁሉም መደብሮች እንዲነሣ፣ እስከዚያ ቀን የተገኘው ገቢም በዝርዝር እንዲቀርብለት የሚጠይቅ ነበር። በጣም ያስደነገጠን ግን የአከፋፋዩ እርምጃ ነው፤ ይህን አንድ ዘፈን ብቻ ሳይሆን በስማችን ያሉትን ሥራዎች ሁሉ ገቢ በአንድ ላይ አገደው። ውሉን አውጥተን ስናነብ መብቱ በግልጽ ተሰጥቶታል። በምዝገባው ጊዜ «እስማማለሁ» ብለን ያለፍነው ጽሑፍ፣ በዘፈኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የራሳችን ወይም የተፈቀደልን መሆኑን እንደምናረጋግጥ፣ ክስ ቢመጣም ወጪውን በሙሉ እኛ እንደምንሸፍን ይናገራል። እንዲህ ያለ የዋስትናና የካሳ አንቀጽ በአከፋፋይም፣ በሙዚቃ ኩባንያም፣ ከኢንተርኔት በምትገዙት ቢትም (ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ቅንብርም) ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ። አደራ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሌላውን ባታነቡ እንኳ ይህን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።

በዚያ ሰሞን ከሙያ ጓደኞቻችን ብዙ ምክር መጣ፤ ከመካከሉ ሁለቱ ጎጂ ነበሩ። አንደኛው «ተቃውሞ አስገቡና ዘፈኑን አስመልሱት» የሚል ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ለመደብሮች የሚላክ የተቃውሞ ማስታወቂያ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ በሐሰት በመመስከር እንደሚያስጠይቅ አውቆ የሚፈረም ሰነድ ነው፤ ሳምፕሉን በእርግጥ ወስደን ሳለ እንዲህ ያለውን ሰነድ መፈረም የገንዘቡን ጥያቄ ወደ ከባድ ጣጣ መለወጥ በሆነ ነበር። ሁለተኛው ከሁሉም አፍ የሚሰማው ነው፦ «ከዚህን ያህል ሰከንድ በታች ከሆነ አይከለከልም» የሚል። እንዲህ ያለ የሰከንድ ልክ በሕግ የለም። ፍርድ ቤቶች እንኳ በዚህ ጉዳይ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪጅፖርት ጉዳይ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ከፈንካዴሊክ ዘፈን የተወሰደ፣ ቃናው ዝቅ ተደርጎ በሉፕ የዞረ የሁለት ሰከንድ የጊታር ድምፅን አይቶ፣ ፈቃድ ውሰዱ ወይም ሳምፕል አትውሰዱ ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሌላ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማዶና ዘፈን ውስጥ ስለተገኘ የ0.23 ሰከንድ የመለከት ድምፅ ተጠይቆ፣ ይህን ያህል ጥቂት ነገር ጥሰት አይሆንም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ከጀርመኑ ባንድ ከክራፍትወርክ የ1977 ሥራ ስለተወሰደ የሁለት ሰከንድ ገደማ ምት ሲወስን፣ እጅግ አጭር የሆነው ቁራጭም የማስተሩን ባለቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ተለውጦ በጆሮ የማይለይ ከሆነ ግን እንደማያስፈልገው ተናግሯል። ዘፈናችሁ በአንድ ቀን በብዙ አገር ይሰማልና በአንዱ አገር ፍርድ መተማመን አያዋጣም። እኛ ያደረግነውን ብታደርጉ ይሻላል፤ ለጠበቃው ደብዳቤው እንደደረሰን፣ ጉዳዩን እያየነው እንደሆነና በሰላም መጨረስ እንደምንፈልግ የሚገልጽ አጭር መልስ ሰጠን። ስለ ጥፋትና ስለ ገንዘብ ምንም አልጻፍንም። ከዚያ የስቱዲዮውን ፋይሎች፣ የቀረጻ ቀኖችንና የተላላክናቸውን መልእክቶች በአንድ ቦታ አስቀመጥን።

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው የድርሰቱን ባለቤቶች ራሳችን በፈለግን ጊዜ ነው። ሸክላውን እንደገና አወጣሁት። በመሐሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ ከዘፈኑ ርእስ ሥር፣ በቅንፍ ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል ሦስት ስሞች ተጽፈዋል፤ እነዚህ ደራሲዎቹ ናቸው። በጠርዙ ዞሮ በሚሄደው ጽሑፍ መጨረሻ ደግሞ በክብ ውስጥ የተቀመጠ የፒ ፊደልና ዓመት አለ። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1961 ከተፈረመው የሮም ስምምነት የመጣ ሲሆን የሚያመለክተው የማስተሩን ባለመብት ነው። እኛ ፈቃድ የጠየቅነው ከምልክቱ አጠገብ የተጻፈውን ኩባንያ ነበር። በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ሦስቱን ሰዎች ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ስሞቻቸውን ይዤ አስካፕና ቢኤምአይ የተባሉት የአሜሪካ የደራሲዎች ማኅበራት፣ እንዲሁም የስትሪሚንግ የድርሰት ክፍያ የሚሰበስበው የአሜሪካው መካኒካል ላይሰንሲንግ ኮሌክቲቭ ለሕዝብ ክፍት ባደረጓቸው የፍለጋ መዝገቦች ውስጥ ገባሁ። የሁለቱ ደራሲዎች ድርሻ ደብዳቤ በላከልን አሳታሚ ስም ተመዝግቧል፤ ድምሩ ግን 75 በመቶ ብቻ ነው። የሦስተኛው ደራሲ 25 በመቶ በአሳታሚው ሥር አልነበረም።

ይህን ያወቅነው ሊፈረም የተቃረበ ስምምነት በእጃችን እያለ ነበር። ፈርመን ቢሆን ኖሮ ለ75 በመቶው ብቻ ተስማምተን፣ ለቀሪው እንደገና ልንጠየቅ ነበር። ስለዚህ ከአሳታሚ ጋር ስትደራደሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ከድርሰቱ ምን ያህሉን ትወክላላችሁ? በየትኞቹ አገሮችስ?» አንድ አሳታሚ የሚፈቅደው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ አንድ ደራሲ በአንዱ አገር በአንድ አሳታሚ፣ በሌላው አገር በሌላ ሊወከልም ይችላል።

ሦስተኛው ደራሲ በሕይወት አልነበሩም። ድርሻቸውን የሚያስተዳድሩት ልጃቸው ናቸው፤ ያገኘኋቸውም አባታቸው አባል በነበሩበት የደራሲዎች ማኅበር በኩል ነው። ሥራውን ከነደብዳቤው ላክሁላቸውና በስልክ ተነጋገርን። ስለ ገንዘብ ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በቅድሚያ «ግጥሙን በሙሉ በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ የአባቴ ኦርጋን ከምን ቃል ጋር እንደሚሰማ ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ኦርጋኑን የተጫወቱት አባታቸው እንደነበሩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ግጥሙን ካነበቡ በኋላ በሁለተኛው አዝማች ያሉ ሁለት ስንኞችን እንደማይቀበሉ ነገሩን። ገጣሚያችን ከብዶት ነበር፤ ነገር ግን የዋናው ሥራ ባለቤት ሥራው በምን ይዘት ላይ እንደሚውል መምረጥ መብቱ ነው። አሳታሚዎችም ገና ሲጠየቁ አዲሱን ግጥም የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። ስንኞቹን ለውጦ ላከላቸው፤ ተስማሙ። የእሳቸው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ አሳታሚውም ለስለስ አለ። ፈቃድ ስትጠይቁ ታዲያ ደብዳቤ ብቻ አትላኩ፦ የዋናውን ዘፈን ርእስና ደራሲዎች፣ የወሰዳችሁት ከስንት ደቂቃና ሰከንድ እስከ ስንት እንደሆነ፣ በአዲሱ ሥራ ውስጥ በጠቅላላው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰማ፣ ሙሉ ግጥሙን፣ አዲሱን ዘፈንና ሳምፕሉን ለብቻው አድርጋችሁ አያይዙ። ይህ ሁሉ ሲሟላ መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ሲጎድል ደብዳቤው ከክምር ሥር ይቀራል።

የድርድሩ ነገር ሰፊ ነው። የማስተሩ ባለቤት በአብዛኛው ቅድመ ክፍያና ከቀረጻው ገቢ የተወሰነ መቶኛ ይጠይቃል። የድርሰቱ ባለቤት ደግሞ የአዲሱ ዘፈን ድርሰት ባለድርሻ ይሆናል፤ ማለትም እንደ አንድ ደራሲ ተቆጥሮ ዘፈኑ እስካለ ድረስ ይከፈለዋል። አሳታሚው መጀመሪያ የጠየቀን 100 በመቶ ነበር። ዘፈኑ ከወጣና ከታወቀ በኋላ የሚደራደር ሰው አቅሙ ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ሳምፕሉን አውጥቶ በሌላ ድምፅ ለመተካት ጊዜው አልፎበታል። ከመውጣቱ በፊት ቢሆን ኖሮ ግን «አልተስማማንም» ብለን ኦርጋኑን አንሥተን ሌላ ማስገባት እንችል ነበር፤ ያ ብቻውን ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል። በመጨረሻ ለሦስቱ የቀድሞ ደራሲዎች በጠቅላላው 50 በመቶ ሰጥተን ተስማማን። ከማስተሩ ባለቤት ጋር በነበረን ውል ውስጥ ደግሞ፣ ለድርሰቱ ወገን የተሻለ ክፍያ ከተሰጠ ለእሱም እኩል እንዲሰጠው የሚል አንቀጽ ስለነበረበት፣ ለአንዱ የጨመርነው ለሌላውም ተጨመረ። ውላችሁ ውስጥ ይህ አንቀጽ ካለ ሁለቱን ድርድሮች ጎን ለጎን አስኪዱ እንጂ አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን አትጀምሩ።

የፈቃዱ ወሰንም እንደ ገንዘቡ ሁሉ ያስጨንቃችሁ። ለየትኞቹ አገሮች፣ ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው ዓይነት ስርጭት የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ ወደፊት የሚፈጠሩ የስርጭት መንገዶችም ይካተቱ። ዴ ላ ሶል የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ታዋቂ የመጀመሪያ አልበሙ በስትሪሚንግ አገልግሎቶች ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ነው። ለዚያ ሁሉ መዘግየት አንዱ ምክንያት የሳምፕል ፈቃዶቹ ሲጻፉ ስለ ዲጂታል ስርጭት አለመናገራቸው ነበር። ዘፈኑ በፊልም ወይም በማስታወቂያ ላይ ቢፈለግ ማን እንደሚፈቅድም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙ የሳምፕል ፈቃዶች ይህን አይጨምሩምና።

ሌላም መንገድ አለ። የማስተሩ ባለቤት እንቢ ካለ ወይም ከአቅም በላይ ከጠየቀ፣ ሐረጉን በራሳችሁ ሙዚቀኞች እንደገና አጫውታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ። በአሜሪካ ሕግ የማስተር መብት የሚጠብቀው ያንኑ የተቀዳ ድምፅ እንጂ እሱን አስመስሎ በአዲስ መልክ የተቀዳውን አይደለም፤ ስለዚህ የማስተሩ ፈቃድ ይቀራል። የድርሰቱ ፈቃድ ግን አይቀርም። በዚሁ አጋጣሚ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ልናገር፦ የሌላ ሰው ዘፈን እንዳለ ደግሞ መዝፈን አንድ ነገር ነው፣ ከዘፈኑ ቁራጭ ወስዶ አዲስ ግጥም ማልበስ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው በአሜሪካ ባለቤቱን ሳይለምኑ በሕግ በተወሰነ ክፍያ የሚገኝ ፈቃድ አለ፤ ለሁለተኛው የለም።

ከውጪው ድርድር ይልቅ የከበደኝ የውስጡ ነው። ሳምፕሉ 50 በመቶውን ሲወስድ ቀሪውን እንዴት እንካፈል? ቀድሞ በቃል የተስማማነው ግማሹ ለግጥሙ፣ ቀሪው ግማሽ ለዜማውና ለቅንብሩ እኩል ይሁን ብለን ነበር። እኔና ድምፃዊቷ ሁሉም ድርሻ በግማሽ ይቀነስ አልን። ገጣሚው ግን «ሳምፕሉ የእኔን ግጥም አልነካም፤ የሚቀነሰው ከሙዚቃው ወገን መሆን አለበት» አለ። በእሱ ስሌት ለእኔና ለእሷ ምንም አይቀርልንም። ክርክሩ መሠረት ያለው ስለነበር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ ለጥቂት ጊዜም ተኮራርፈን ነበር። በመጨረሻ ለእሱ 30፣ ለእያንዳንዳችን 10 በመቶ ተባብለን ፈረምን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ቀረጻው በሚያልቅበት ዕለት ከስቱዲዮ ሳንወጣ የድርሻ ወረቀት እንሞላለን። የእያንዳንዱ ሙሉ ስም፣ ማኅበሩ፣ በማኅበሩ ያለው የአባልነት ቁጥር፣ መቶኛው፣ ፊርማው። አሁን የምንጨምረው አንድ መስመርም አለ፦ ሳምፕል ካለ የባለቤቱ ድርሻ ከማን ላይ እንደሚቀነስ።

ድርሻው ከታወቀ በኋላ ገንዘቡ በራሱ እግር አይመጣም። አንድ ዘፈን በስትሪሚንግ ሲደመጥ ክፍያው በሁለት መንገድ ይወጣል፤ የማስተሩ በአከፋፋዩ ወይም በሙዚቃ ኩባንያው በኩል፣ የድርሰቱ ደግሞ በደራሲዎች ማኅበራትና በአሳታሚዎች በኩል። አከፋፋዩ የሚልክላችሁ ገንዘብ ሁሉም ገቢያችሁ ከመሰላችሁ የድርሰቱን ገንዘብ የሚጠይቅ የለም ማለት ነው። የአሜሪካው መካኒካል ላይሰንሲንግ ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ሲጀምር የስትሪሚንግ ኩባንያዎች ባለቤቱ ያልታወቀ ከ424 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተጠራቀመ የድርሰት ክፍያ አስረክበውታል። የዚያ ገንዘብ አብዛኛው ችግር ያልተመዘገበ ወይም በትክክል ያልተመዘገበ ስም ነው። ቀረጻው 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት አይኤስአርሲ የሚባል መለያ አለው፤ ድርሰቱ ደግሞ በቲ ፊደል የሚጀምር አይኤስደብሊውሲ የሚባል ሌላ መለያ። ሁለቱ በመዝገቡ ላይ ካልተያያዙ ማኅበሩ ዘፈኑ መደመጡን ቢያውቅም ለማን እንደሚከፍል አያውቅም። ዘፈኑ ውስጥ የተጫወቱም ድርሻ አላቸው። በአሜሪካ ሳውንድ ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ከኢንተርኔትና ከሳተላይት ሬዲዮ ከሚሰበስበው ላይ 50 በመቶውን ለማስተሩ ባለመብት፣ 45 በመቶውን ለዋናው ድምፃዊ፣ 5 በመቶውን ለአጃቢ ሙዚቀኞችና ድምፃውያን ያከፋፍላል። ዊንስተንስ በተባለው ባንድ የ1969 ቀረጻ ላይ ግሪጎሪ ኮልማን የመታው የጥቂት ሰከንድ ከበሮ በሺዎች በሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ሲያገለግል፣ እሱ ግን ከዚያ ምንም ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2006 በድህነት ዐርፏል። ያንን ካነበብሁ ወዲህ ከእኛ ጋር የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን ስም ሳላስመዘግብ ዘፈን አላወጣም።

ቢት ወይም ሉፕ ከኢንተርኔት ለምትገዙም አንድ ነገር ልጨምር። «ከሮያሊቲ ነፃ» የሚል ጽሑፍ ሻጩ ከእናንተ ተጨማሪ ክፍያ እንደማይጠይቅ ይናገራል እንጂ በውስጡ የሌላ ሰው ሳምፕል እንደሌለ አያረጋግጥም። ሻጩ ሳምፕል መጠቀሙንና አለመጠቀሙን በጽሑፍ ጠይቁት፤ መልሱንም አስቀምጡት።

የእኛ ዘፈን የተመለሰበት አካሄድ ራሱ ትምህርት አለው። የሁለተኛው አዝማች ስንኞች ስለተለወጡ ድምፃዊቷ ያንን ክፍል እንደገና ቀዳችው፤ ቀረጻው ስለተለወጠም አዲስ አይኤስአርሲ አስፈለገው። ከዚህ የተነሣ በቀድሞው ቅጂ የተቆጠረው የአድማጭ ቁጥር ወደ አዲሱ አልተላለፈም፤ በዘፈን ዝርዝሮች (ፕሌይሊስቶች) ውስጥ የነበረውን ቦታም አጣ። የታገደው ገንዘብ እንዲለቀቅ አከፋፋዩ ከጠያቂው ሁለት ነገር ፈለገ፦ የቀድሞውንም የአዲሱንም አይኤስአርሲ ጠቅሶ ጥያቄውን መተዉን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ በዩቲዩብም ላይ የይገባኛል ጥያቄውን ማንሣቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ። ስምምነቱ ግን እነዚህ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚላኩ አይናገርም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ፈርሞ፣ ሁሉም ተከፍሎ ካበቃ በኋላም ገንዘባችን ለወራት እንደታገደ ቆየ። በእናንተ ስምምነት ላይ ቀኑን አስጽፉ፤ መልቀቂያው በዚያ ቀን ካልተላከ ክፍያው እንደሚዘገይም አብራችሁ አስጽፉ።